ዋጋው በውስጥ መስመር፣ ምስጋናው በአደባባይ

በእጅ የተሠሩ ዕቃዎችን በቴሌግራም፣ በፌስቡክና በቲክቶክ የሚሸጡ ወገኖቻችን ለንግድ ጥበብ ያበረከቱት ውለታ እስካሁን በቅጡ አልተነገረላቸውም። የሀበሻ ቀሚሱን፣ ጋቢውን፣ ሞሰቡን ወይም የቆዳ ቦርሳውን ፎቶ አንስተው፣ ሙዚቃ ደርበውበት፣ «ልዩ፣ ውብና ማራኪ» የሚል መግለጫ ጽፈውና የልብ ምልክት ደርድረው ሲያበቁ፣ ገዢ ከሁሉ አስቀድሞ ሊያውቀው የሚፈልገውን አንድ ነገር ብቻ በከፍተኛ ጥንቃቄ ይተዉታል። በምትኩ «ለዋጋ በውስጥ መስመር ያናግሩን» ይላሉ። ከዚያው ሥር፣ ብዙውን ጊዜ፣ «ሲሪየስ ገዢዎች ብቻ» የሚል ማስጠንቀቂያ ይከተላል። እነዚህን ሁለት መስመሮች አንዱን ከሌላው በታች ጽፎ ፊቱ ያልቀላ ሰው ሊመሰገን ይገባዋል፤ ዋጋ ሳይናገሩ ቁርጠኛውን ገዢ ከአላፊ አግዳሚው የመለየት ዘዴ እስካሁን በየትኛውም የንግድ ትምህርት ቤት አልተገኘምና።

የዘዴው ረቂቅነት የሚታወቀው ሁለቱን ዓይነት ሰዎች ቀረብ ብሎ ለተመለከተ ነው። ቁርጠኛዋ ገዢ የሰውነት ልኳን ታውቃለች፤ የሠርጉን ቀን ታውቃለች፤ ስንት ብር እንደመደበችም ታውቃለች። ያጠራት ጊዜ ብቻ ነው። ዋጋውን ብታየው ኖሮ ትገዛ እንደሆነ ወይም ትተወው እንደሆነ በአንድ ደቂቃ በወሰነች ነበር። ዋጋው ስለሌለ ግን ሰላምታ መጻፍ፣ መልስ መጠበቅና እንደገና መጠየቅ ይጠበቅባታል፤ ስለዚህ ወደሚቀጥለው ገጽ ታልፋለች። በሌላ በኩል ለመግዛት ምንም ሐሳብ የሌለው፣ ነገር ግን ከሰዓት በኋላውን በምን እንደሚያሳልፈው የቸገረው ሰው፣ በደስታ «ስንት ነው?» ብሎ ይጽፋል፤ ሲነገረውም «የመጨረሻውስ?» ይላል፤ ሲቀነስለትም «እሺ፣ አስብበታለሁ» ብሎ ይሰናበታል። ሰፌድ የሚሸጡ ሰዎች እህሉን አበጥሮ ጥሎ ገለባውን የሚያስቀር ሰፌድ መፍጠራቸው፣ ከእደ ጥበብ ሁሉ በላይ የሆነ እደ ጥበብ ነው።

በውስጥ መስመር የሚካሄደው ወግ ራሱን የቻለ ሥርዓት አለው። አንዲት ሴት «ጤና ይስጥልኝ፣ ይህ ቀሚስ ዋጋው ስንት ነው?» ብላ ትጽፋለች። መልሱ «ሰላም ውዴ፣ የት ነሽ?» የሚል ነው። ላልለመደው ሰው ይህ ከጨዋነት የመነጨ የደህንነት ጥያቄ ሊመስለው ይችላል፤ ነገር ግን የዋጋው መሠረት የሚጣለው በዚህች ጥያቄ ላይ ነው። ቀሚሱ ለአዲስ አበባዋ ኮተቤና ለአሜሪካዋ ሲልቨር ስፕሪንግ አንድ ዋጋ ቢኖረው ኖሮ «የት ነሽ?» ማለት ለምን ያስፈልግ ነበር? ጠያቂዋ ባትመልስ እንኳ የገጽ ፎቶዋ አለ፤ ከጀርባዋ በረዶ የሚታይ እንደሆነ ቀሚሱ በዚያው ቅጽበት ይከብዳል። ቀጥሎ «ለመቼ ፈልገሽው ነው የኔ ቆንጆ?» ይመጣል፤ ይህም የችኮላዋን መጠን ለመለካት ነው። በመጨረሻ ዋጋው ሲገለጥ በጽሑፍ ሳይሆን በድምፅ መልእክት ይላካል፤ የድምፁም አብዛኛው ክፍል ስለ ክሩ ጥራትና ስለ እግዚአብሔር ቸርነት ሲሆን፣ ቁጥሩ መጨረሻው ላይ በፍጥነት ይነገራል። መልካም ሻጭ ዋጋውን በጽሑፍ አያኖርም፤ በጽሑፍ የሰፈረ ዋጋ ለጎረቤት ይላካልና።

ባሕር ማዶ ያለው ገዢማ ከዚህ ሥርዓት የበለጠ ተጠቃሚ ነው። አዲስ አበባና ዋሽንግተን በሰባት ሰዓት፣ በክረምታቸው ደግሞ በስምንት ሰዓት ይለያያሉ። እርሷ ከሥራ ገብታ፣ ልጆቿን አስተኝታ «ስንት ነው?» ስትል ሻጯ በእንቅልፍ ላይ ናት፤ ሻጯ ነቅታ «የት ነሽ?» ስትል ደግሞ እርሷ ተኝታለች። በዚህ ሁኔታ ዋጋው፣ የወርዱ ልክ፣ የቁመቱ ልክና የማድረሻው ሒሳብ በተራ በተራ እስኪጠየቁ ድረስ ሳምንት ማለፉ የማይቀር ነው። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» ያሉት አበው ስለ ውስጥ መስመር ባያውቁም፣ ጥር 11 አልፎ ጥር 15 ለሚደርስ ቀሚስ አስቀድመው ፍርድ ሰጥተውበታል።

ይህን አሠራር የሚነቅፉ ሰዎች ምክንያቶቹን አጥንተው አይመስለኝም። የመጀመሪያው ምክንያት «ዋጋ ከጻፍን ተፎካካሪ ያየዋል» የሚለው ነው። እጅግ ትክክል ነው። ተፎካካሪው በእህቱ ስልክ «ውዴ ስንት ነው?» ብሎ መጠየቅ እንደሚችል እስካሁን አልገባውም፤ ሚስጥሩም በእግዚአብሔር ፈቃድ ተጠብቆ ይኖራል። ሁለተኛው ዶላር ነው። የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ወዲህ ዋጋ በየቀኑ ስለሚለዋወጥ መጻፉ አይቻልም ይባላል። ለጥለት የሚሆነው ባለ ቀለም ክር ከውጭ የገባ ሲሆን ነገሩ እውነትነት አለው፤ ይሁን እንጂ ባለፈው ዓመት ተሠርቶ መደርደሪያ ላይ የተቀመጠ ሞሰብ፣ ሰበዙ ከገጠር የመጣ፣ ሰፊዋም እዚሁ ያለች ሆና ሳለ፣ የማለዳውን የምንዛሪ ዜና እየሰማ መወደዱ የሚደነቅ ንቃት ነው።

ሦስተኛውና ብዙ ሰው የሚቀበለው ምክንያት መከራከር ባህላችን ነው የሚለው ነው። ሽሮ ሜዳ ዋጋ የተለጠፈበት ቀሚስ አይተን እናውቃለን ወይ ይላሉ። በርግጥ ብዙም አላየንም። ነገር ግን ሽሮ ሜዳ የሄደ ሰው ቀሚሱን ይዳስሰዋል፤ ወደ ብርሃን ያወጣዋል፤ ጥለቱን ገልብጦ ጀርባውን ያያል፤ ባልተስማማው ጊዜም ሁለት እርምጃ ተራምዶ ሌላ ሱቅ ይገባል፤ ሻጩም «ነይ እሺ፣ ተመለሽ» ብሎ ይጠራዋል። በስልክ ላይ የቀረው ከዚህ ሁሉ ክርክሩ ብቻ ነው። የምንከራከርበት ዕቃ እንኳ አንዳንድ ጊዜ የሌላ ሱቅ ፎቶ ሆኖ፣ የፊተኛው ሱቅ ስም ከአዲሱ ስም ሥር ሲያጮልቅ ይታያል።

የተጠቀምንበት ሌላው ትሩፋት ደግሞ የሕዝብ ብዛት ነው። ዋጋው ያልተጻፈበት ፎቶ ሥር «ዋጋ?»፣ «ስንት?»፣ «ዋጋ እባክህ» የሚሉ አስተያየቶች ይደረደራሉ፤ አስተያየት የበዛበትን ጽሑፍ ደግሞ መድረኩ ለብዙ ሰው ያሳያል ተብሎ ይታመናል። ከዚህም አልፎ «ገጹን ለዐሥር ጓደኛ ያጋራ ነጠላ ይሸለማል» የሚል ውድድር ሲታከልበት ተከታዩ ይጎርፋል። ነጠላ በነፃ የሚፈልግ ሕዝብ፣ ነጠላ በገንዘቡ ከሚገዛ ሕዝብ በቁጥር እንደሚበልጥ የማይካድ ነው፤ ሻጩም ብዙውን መምረጡ ዴሞክራሲያዊ አካሄድ ነው። ውድድሩ ባለቀ ማግስት «ይህ ሁሉ ተከታይ እያለን ለምን አይሸጥልንም?» የሚለው ምሬት ግን ከየት እንደሚመጣ ለማስረዳት ከባድ ነው።

ከዋጋው ባልተናነሰ ጥንቃቄ የሚሸሸገው የሥራው ታሪክ ነው፤ እዚህ ላይ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። የእጅ ሥራ ልብስ ጥጡ ተዳምጦ፣ በደጋን ተነድፎ፣ ባዘቶው በእንዝርት ተፈትሎ፣ ድሩ ተደውሮ፣ እግሩን ጉድጓድ ውስጥ ከትቶ የተቀመጠ ሸማኔ መወርወሪያውን ከእጅ ወደ እጅ እያመላለሰ የሚያወጣው ሥራ ነው። የሽሮ ሜዳን ገበያ ያቀኑት ከጋሞ ደጋ የመጡ ሸማኔዎች መሆናቸውን ማንም ያውቃል። ገዢዋ ልትሰማው የምትሻውም ይህንኑ ነው፦ ማጉ የእጅ ፈትል ነው ወይስ የፋብሪካ ክር? ጥለቱ እዚያው ሸማው ላይ የተሠራ ነው ወይስ በመኪና የተጠለፈ ወይስ ታትሞ የመጣ? ጋቢው በደንቡ አራት እጥፍ ነው ወይስ ሳስቷል? ቢታጠብ ቀለሙ ይለቃል? ሸማኔው ስንት ቀን ፈጀበት?

የእጅ ፈትልን ከፋብሪካ ክር ለይታ የምታውቅ፣ ለልዩነቱም ለመክፈል የተዘጋጀች ሴት እነዚህ አምስት መልሶች በጽሑፍ ቢቀርቡላት ሳትከራከር ትገዛ ነበር ይባላል። ሻጮቻችን ግን «ጥራቱን የጠበቀ» በሚሉት ሁለት ቃላት ሁሉንም ያጠቃልሉላታል። ይህ መግለጫ ለእጅ ፈትሉም፣ ታትሞ ለመጣውም ጨርቅ ያለ አድልዎ የሚሠራ በመሆኑ፣ ሁለቱን ፎቶ ላይ መለየት ያቃታት ገዢ ርካሹን ትመርጣለች። ሻጩም «ሕዝባችን የእጅ ሥራ ዋጋ አያውቅም» ብሎ ያዝናል። እንዴት ሊያውቅ ይችላል፤ ጠይቆ «የት ነህ?» ተባለ እንጂ። ሸማኔውስ ቢሆን የቀሚሱ መሸጫ ስንት እንደሆነ ሳያውቅ እንዲኖር የተደረገው ለልቡ ዕረፍት ታስቦ ይመስለኛል፤ ዋጋው በገጹ ላይ በግልጽ ቢጻፍ ኖሮ እርሱም ስልክ አለውና ያነበው ነበር።

ሕግ አዋቂ ነን የሚሉ ሰዎች የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006ን ይጠቅሳሉ፤ አዋጁ ነጋዴ የሚሸጠውን ዕቃ ዋጋ ለሸማቹ በግልጽ በሚታይ ሁኔታ እንዲያሳውቅ ያዛልና። ይህ ግን ግድግዳ ላለው ሱቅ የተነገረ ነው ብለን ብንተረጉመው ማን ይከሰናል? እ.ኤ.አ. በ2005 ብሩክሊን ውስጥ የተመሠረተውና የዓለም የእጅ ሠሪዎች የሚገበያዩበት ኤትሲ የተባለው የኢንተርኔት ገበያም ሻጩ የዋጋውን ሣጥን ካልሞላ ዕቃውን አይለጥፍም። እነዚያ ሰዎች «የት ነሽ?» ብሎ መጠየቅ የሚያስገኘውን ጥቅም ሳያውቁት ኖረዋል።

አንድ ነገር ብቻ ቅር ይለኛል፤ ይህ ሁሉ ሚስጥራዊነት አንድ ቦታ ላይ መላላቱ። የባንክ ሒሳብ ቁጥሩና የቴሌብሩ ስልክ ከገጹ አናት ላይ በደማቁ ተጽፈው ይታያሉ፤ ከአኃዞቹ አንድም አይጎድልም፤ የሒሳቡ ባለቤት ስም እስከ አያት ሰፍሯል፤ «ከፍለው ሲጨርሱ ደረሰኙን ፎቶ አንስተው ይላኩልን፣ የተከፈለ ገንዘብ አይመለስም» የሚል ማሳሰቢያም ተያይዟል። ለመክፈል የተዘጋጀ ሰው የሚቀረው ምን ያህል እንደሚያስገባ ማወቅ ብቻ ነው፤ እሱን ደግሞ በውስጥ መስመር ይጠይቅ።