ሕፃኑን ገልጣችሁ እዩት

እናትየዋ የመጣችው በወለደች በሦስተኛው ቀን ማለዳ ነበር። ከሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ብዙም ከማይርቅ ሰፈር፣ ከሥራ ባልደረባዋ ጋር ከተከራየችው አንድ ክፍል፣ በባጃጅ። ልጁ በሁለት ብርድ ልብስና በአንድ ጋቢ ተጠቅልሎ ፊቱ እንኳን አይታይም። «ሲስተር፣ ከትናንት ማታ ጀምሮ አልጠባም አለኝ፤ ያስመልሰዋል» አለችኝ። ያስመለሰው አረንጓዴ ነው። ስገልጠው ሆዱ ተነፍቶ ቆዳው ያብረቀርቃል። ዳይፐሩን ስፈታ ምንም የለበትም። እግሩን አንስቼ መቀመጫውን ሳየው የዓይነ ምድር መውጫው ዝግ ነበር፤ ሲፈጠር ጀምሮ ቀዳዳ የለውም።

«ስትወልጂ ማን አየው?» አልኳት። «አይተውታል፤ ጤነኛ ነው ብለው ሸኙኝ።» ይዛው የመጣችው ወረቀትም ያንኑ ይላል። በወለደች በስድስት ሰዓቷ ነበር የወጣችው። የት እንደወለደች አልጽፍም። ያ ወረቀት ከየትኛውም ተቋም ሊወጣ ይችል ነበር፤ ከእኔም እጅ ጭምር። ተራ በበዛባቸው ሌሊቶች ጨቅላውን ሳልገልጥ፣ ፊቱን ብቻ አይቼ የፈረምኩበት ጊዜ አለ። ይህን ጽሑፍ የምጽፈውም ስለዚህ ነው።

የምለው አንድ ነገር ነው። ልብሱ ወልቆ፣ እናቱ እያየች፣ ከአናቱ እስከ እግሩ ጥፍር ሳይታይ ማንም ሕፃን ከወሊድ ክፍል መውጣት የለበትም።

ባለፉት ዓመታት ትልቁ ዘመቻችን «እናቶች በጤና ተቋም ይውለዱ» የሚል ነበር፤ ውጤትም አምጥቷል። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በጤና ተቋም የተወለዱት 26 በመቶ ነበሩ። በ2019ኙ አነስተኛ ጥናት 48 በመቶ ደረሱ። በመጀመሪያው ወር የሚሞቱት ግን ከ1,000 ሕፃናት 29 የነበሩት 33 ሆነው ተመዘገቡ። የኋለኛው ጥናት ናሙናው አነስ ያለ ስለሆነ ሞቱ ጨመረ ብዬ አልከራከርም። አልቀነሰም ማለት ግን እችላለሁ። እዚያው ጥናት ላይ ሌላም ቁጥር አለ፤ በወለዱ በሁለት ቀን ውስጥ ምርመራ ያገኙት እናቶች 34 በመቶ ብቻ ነበሩ። በተቋም የወለዱት 48፣ የታዩት 34። ማለትም ቤታችን ድረስ መጥተው፣ አልጋችን ላይ ወልደው፣ ዞር ብለን ሳናያቸው የሄዱ አሉ። እናቲቱ ካልታየች ልጁን ማን ያየዋል?

ለምን አንገልጥም? አንዱ ምክንያት የራሳችን ባህል ነው፤ ደግሞም ከፍቅር የመጣ ባህል ነው። አራስ ልጅ ይሸፈናል። ዓይን እንዳይበላው፣ ብርድ እንዳይመታው፣ የመንገደኛ እግር እንዳያገኘው። አያትየዋ በር ላይ በነጠላ ጠቅልላ ትቀበለውና ከዚያ በኋላ ገና ሰባት ቀን እንኳ ያልሞላውን ልጅ ግለጡት ማለት እንደ ድፍረት ይቆጠራል። እኔም ሴት አያቴ እጅ ያደግሁ ነኝና ይሄ ይገባኛል። ብርዱም ቢሆን እውነት ነው። የጨቅላ ሕፃን ሙቀት ከ36.5 እስከ 37.5 ዲግሪ መሆን አለበት፤ ሐዋሳ ሞቃት ከተማ ናት ብሎ የሚዘናጋ ሰው ማለዳ ከሐይቁ የሚመጣውን አየር ያስታውስ። ስለዚህ መስኮቱ ተዘግቶ፣ ማሞቂያው በርቶ ወይም ሕፃኑ እናቱ ደረት ላይ ተኝቶ፣ ኮፍያው ሳይወልቅ፣ ክፍል በክፍል ይገለጣል። ብርድን የምንፈራ ከሆነ እንዲያውም ገላውን ለማጠብ መቸኮላችንን እንተው፤ የዓለም ጤና ድርጅት ቢያንስ 24 ሰዓት ይቆይ ይላል።

ሌላው ምክንያት ከእኛው ከባለሙያዎቹ ነው። የአፕጋር ነጥብን እንደ ጤንነት ምስክር ወረቀት መቁጠር ለምደናል። ቨርጂኒያ አፕጋር የተባሉ አሜሪካዊት የሰመመን ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1952 ያወጡት መለኪያ ነው። የልብ ምት፣ አተነፋፈስ፣ የጡንቻ ጥንካሬ፣ ሲነካ የሚሰጠው ምላሽ እና የቆዳ ቀለም፣ ለእያንዳንዱ እስከ ሁለት ነጥብ፣ በ1ኛውና በ5ኛው ደቂቃ። ጥሩ መለኪያ ነው። የሚመልሰው ጥያቄ ግን ይህ ልጅ ከማህፀን ወደ ዓለም የተሻገረው እንዴት ነው የሚለውን ብቻ ነው። ያ መቀመጫው የተዘጋው ልጅ በእናቱ ካርድ ላይ ዘጠኝ ነበረው፤ ሊኖረውም ይገባል፤ አልቅሷል፣ ተንቀሳቅሷል፣ ቀልቷል። ዘጠኝ የተጻፈለት ልጅ ላንቃው ሊሰነጠቅ፣ የጀርባ አጥንቱ ላይ ክፍተት ሊኖር፣ ከስድስት ሰዓት በኋላ እያቃሰተ መተንፈስ ሊጀምር ይችላል።

መተንፈስ ካልኩ አንድ ነገር ልጨምር፤ እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ ስለምንሳሳት። የጨቅላ ትንፋሽ እንደ እኛ ወጥ አይደለም። ይፈጥናል፣ ለአምስትና ለአሥር ሰከንድ ያህል ያርፋል፣ ከዚያ ይቀጥላል። 15 ሰከንድ ቆጥሮ በአራት ማባዛት ያሳስታል። ሙሉ አንድ ደቂቃ፣ ልጁ ሳያለቅስ፣ ሆዱ ከፍ ዝቅ ሲል እያዩ መቁጠር ያስፈልጋል። ከ30 እስከ 60 ከሆነ ደህና ነው። ከ60 ከበለጠ እንደገና ይቆጠራል፤ አሁንም ከበለጠ ልጁ አይወጣም። የታችኛው ደረቱ ወደ ውስጥ ከሰረጎደ ቁጥሩ ምንም ይሁን ምን አይወጣም። ይህ ሁሉ በብርድ ልብስ ላይ አይታይም።

ቢጫነትም አይታይም። በእኛ ቆዳ ላይ ደግሞ ይበልጥ ይደበቃል። መብራት በሌለበት ወይም በደበዘዘ አምፖል ሥር «አይ፣ ቀለሙ ነው» ተብሎ የታለፈ ቢጫ ስንት ጊዜ ዘግይቶ እንደደረሰን! መስኮት አጠገብ፣ በቀን ብርሃን፣ ግንባሩን ወይም ደረቱን በጣት ጫን አድርጎ መልቀቅና ከሥሩ የሚመጣውን ቀለም ማየት፤ የዓይኑን ነጭና ድዱን ማየት። በተወለደ በ24 ሰዓት ውስጥ የታየ ቢጫነት፣ ወይም እጅ መዳፍና እግር ውስጥ የደረሰ ቢጫነት ቀጠሮ የሚሰጠው ነገር አይደለም፤ ወዲያው ይመረመራል። ፀሐይ ማሞቅ የቆየ ልማዳችን ነው፤ ይህን ዓይነቱን ቢጫነት ግን አያድንም። ቢጫነት የሚታከምበት ሰማያዊ መብራት ሥር በጊዜ ያልገባ ልጅ አንጎሉ ተጎድቶ መስማት ሊሳነው፣ አንገቱን ማቅናት ሊያቅተው ይችላል።

«ጊዜ የለንም» የሚሉኝ ባልደረቦቼ አሉ። ሌሊቱን ሁለት አዋላጅ ነርሶች ብቻ ሆነው ሦስት እናት በአንድ ጊዜ ስታምጥባቸው አብሬያቸው ነበርኩና አልፈርድባቸውም። ግን ቫይታሚን ኬ ለመውጋት ጭኑን እንገልጣለን፣ ዓይኑን ቴትራሳይክሊን እንቀባለን፣ እትብቱን እናያለን፣ እንመዝነዋለን። ልጁ ሚዛኑ ላይ ራቁቱን በተኛባት ቅጽበት ገልብጦ ጀርባውንና መቀመጫውን ማየት ስንት ደቂቃ ይወስዳል? ሙሉው ምርመራ ለለመደ ሰው ከአሥር ደቂቃ አይበልጥም። ችግሩ በሠራሁባቸው ቦታዎች ልጁ የራሱ ካርድ አልነበረውም፤ የሚጻፈው በእናቱ ካርድ ጥግ፣ «ጤነኛ» በምትል አንዲት ቃል ነበር። ለልጁ የራሱ ወረቀት ይኑረው። ሸና ወይ? ካካ አለ ወይ? ጡት ሲይዝ ማን አየው? መቀመጫው ታየ ወይ? መላሹ ስሙን ጽፎ ይፈርም።

የዓለም ጤና ድርጅት ያለ ችግር የወለደች እናትና ልጇ ቢያንስ 24 ሰዓት ተቋም ውስጥ ይቆዩ፣ ከዚያም ከ48 እስከ 72 ሰዓት ባለው ጊዜ እንደገና ይታዩ ይላል። አልጋ ጠቦን 24ቱን ሰዓት ካልሰጠን፣ ሦስተኛውን ቀን መንጠቅ አንችልም። ቢጫነት የሚበረታው፣ ወተቱ መውረዱና አለመውረዱ የሚታወቀው በእነዚሁ ቀናት ነው። ድሮ በዚህ ቀን ቤቱ ሴት ይሞላ ነበር። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ባይዋ ገንፎውን ስታገነፋ ልጁንም አየት ታደርጋለች። እንገሩ ይደፋ፣ ቅቤ ይላስ የሚል ጎጂ ምክርም አብሮ ይመጣ ነበር፤ ግን ሰው ነበር። ዛሬ በሐዋሳ ኪራይ ቤቶች ብዙ ወጣት ሴቶች እናታቸው በሌለችበት ይወልዳሉ። አከራይዋ ብታዝን ሾርባ ታመጣለች፣ ጓደኛዋ ወደ ፈረቃዋ ትሄዳለች። ለነዚህ እናቶች የከተማው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ በሦስተኛው ቀን በር ማንኳኳት አለባት፤ ለዚህም ያዋለደው ተቋም ስልኳንና ሰፈሯን በዚያው ዕለት ማስተላለፍ አለበት። የጤና ቢሮው ይህን በትእዛዝ ማድረግ ይችላል፤ አዲስ ሕንፃ አይጠይቅም።

ያን ልጅ ወደ ሪፈራል ላክነው፤ ሆዱ ላይ ጊዜያዊ መውጫ ተሠራለትና ተረፈ። ከመሄዳቸው በፊት እናቱን አንድ ነገር አሳየኋት፤ ለሌሎችም እናቶች ይሁን። ልጁ መጥባት ካቆመ፣ ካልነኩት የማይንቀሳቀስ ከሆነ፣ ካንቀጠቀጠው፣ ትንፋሹ ከፈጠነ፣ ሰውነቱ ከጋለ ወይም ከቀዘቀዘ፣ መዳፉ ቢጫ ከሆነ ሌሊትም ቢሆን አይጠበቅም። ባጃጁ እስኪመጣም መንገድ ላይም ልብሱን አውልቃ፣ ኮፍያና ዳይፐር ብቻ አድርጋለት፣ ደረቷ ላይ ቆዳ ለቆዳ አስተኝታ፣ ጋቢውን ከላይ ደርባ ትያዘው፤ ጡቷንም እየሞከረች።