ፈረንሳይኛን በእንግሊዝኛ በኩል እስከ መቼ?

ቸርችል ጎዳና ላይ የባህል ዕቃ መሸጫ ሱቅ ውስጥ ነው የምሠራው። የአፍሪካ ኅብረት ጉባኤ ሲሆን ከሴኔጋል፣ ከኮትዲቯር፣ ከካሜሩን የመጡ እንግዶች ይገባሉ። ፈረንሳይኛ ነው የሚናገሩት። እኔም ከሥራ በኋላ ፒያሳ አካባቢ ኮርስ ጀመርኩ። ከደሞዜ ላይ ቆርሼ ነው የምከፍለው።

የሚታደለን ወረቀት በግራ ፈረንሳይኛ፣ በቀኝ እንግሊዝኛ ነው። «ኮማ ታሌ ቩ?» ሃው አር ዩ። «ኮማ ቫ ቱ?» እሱም ሃው አር ዩ። ልዩነቱ ምንድን ነው ብዬ ጠየቅሁ። «ያው ነው፣ ሁለቱም ዩ ነው» ተባልኩ።

ያው አይደለም! «ቱ» አንተ ወይም አንቺ ነው። «ቩ» እርስዎ ነው፣ ለብዙ ሰው ሲሆን ደግሞ እናንተ። ይህን ያወቅሁት ካፈርኩ በኋላ ነው። አንድ ቀን እናቴን የሚያክሉ ሴት ገቡ። የነጠላውን ጥለት በጣታቸው እየዳሰሱ «ሴ ኮምቢያን?» አሉኝ። ዋጋውን ነገርኳቸውና «ቱ ኤም?» አልኳቸው፤ ወደዱት ወይ ማለቴ ነበር። ሴትዮዋ ዝም አሉ። ነጠላውን ቀስ ብለው መልሰው አጠፉት። አብራቸው የነበረችው ልጅ ጠጋ ብላ «ቩ ዜሜ» ብላ አረመችኝ። ለካ ትልቅ ሰው «አንቺ» ብያለሁ! በአማርኛ ቢሆን እኮ አፌም እሺ አይለኝ።

«ኤስ ከ» የምትለዋንስ? ዱ ዩ፣ ዳዝ ሺ፣ አር ዩ እየተባለ ስንት ቀን ፈጀንባት። በእኛ «ወይ» ናት፣ በቃ! «ቱ ቪያን» ትመጣለህ። «ኤስ ከ ቱ ቪያን?» ትመጣለህ ወይ? የእነሱ ከፊት ትገባለች፣ የእኛ ከኋላ። «ኮምቢያን»ም ስንት ነው። እንግሊዝኛው ሃው ማች እና ሃው ሜኒ ብሎ ለሁለት ይከፍለዋል፤ ፈረንሳይኛና አማርኛ ግን አንድ ቃል ይበቃቸዋል። «ሳ ቫ?» ሲሉህ «ሳ ቫ» ትላለህ። ደህና? ደህና።

«ኡ ኤ ላ ጋር?»፣ ባቡር ጣቢያው የት ነው የሚለውንም በእንግሊዝኛ ነው ያስረዱን። ግማሾቻችን በለገሀር በኩል በታክሲ አልፈን ነው ክፍል የገባነው! ቃሉ እኮ ራሱ «ላ ጋር» ነው፣ ባቡር ጣቢያው። የጅቡቲው ባቡር እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ ደርሶ ያመጣልን ቃል ነው።

ከሁሉም የሚያንገበግበኝ ግን አጠገቤ ትቀመጥ የነበረችው ልጅ ነገር ነው። ጆሮዋ ጥሩ፣ አነጋገሯም ከሁላችን የተሻለ ነበር። እንግሊዝኛዋ ግን ደከም ይላል። ፈተናው «ወደ እንግሊዝኛ መልሱ» ሲል ወደቀች፣ ከዚያ ቀረች። ለቢሮው ስናገር «እንግሊዝኛ ያልቻለ ፈረንሳይኛ እንዴት ይማራል?» አሉኝ። ሴኔጋል፣ ዳካር ያለው ባለሱቅ በእንግሊዝኛ በኩል ነው እንዴ የተማረው?

ከፍለን ነው የምንማረው። እዚያች ወረቀት ላይ አማርኛውን ጻፉልን።