ባንክ ያስገባነው ብር የት ነው ያለው?

መጋቢት 2016 ላይ የንግድ ባንክ ሲስተም ለሰዓታት ተበላሽቶ ነበር። ሂሳባቸው ውስጥ የሌለ ብር ሲያወጡና ሲያስተላልፉ ካደሩት መካከል ብዙዎቹ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነበሩ። ባንኩ ያለአግባብ ወጣ ያለው 801 ሚሊዮን ብር ገደማ ነው። ሶሻል ሚዲያው ለሳምንት በቀልድ ተሞላ። ማሽኑ ግን ለማንም ምንም አልሰጠም ነበር። የወጣው እያንዳንዱ ብር በስም፣ በሰዓትና በሂሳብ ቁጥር ተመዝግቧል። በኋላ ባንኩ ያልመለሱትን ሰዎች ስምና ፎቶ እስከ መለጠፍ ደረሰ።

ዛሬ ገንዘብ የምንለው ነገር ምን እንደሆነ እንደዚያ ሌሊት ያሳየ የለም። አብዛኛው ገንዘባችን ወረቀት አይደለም። ባንኩ «ለእከሌ ይህን ያህል አለብኝ» ብሎ የጻፈው መዝገብ ነው። ብር ስናስገባ ለባንኩ አደራ የሰጠን ይመስለናል እንጂ ነገሩ ብድር ነው፤ አበዳሪዎቹ እኛ ነን። የማንኛውንም ባንክ የሒሳብ ሪፖርት ብታዩ የእናንተ ተቀማጭ የተጻፈው ከዕዳው ጎን ነው። ተበዳሪው ቢወድቅስ? ለዚህ የአስቀማጮች መድን ፈንድ ተቋቁሟል፤ የሚሸፍነው ግን በአንድ ባንክ እስከ 100 ሺህ ብር ነው። ይህን የሚያውቅ ስንት ሰው ታውቃላችሁ?

ከዚህ የባሰ የማይታወቀው ብድር እንዴት እንደሚሰጥ ነው። አንድ ነጋዴ ቤቱን አስይዞ 2 ሚሊዮን ብር ተበደረ እንበል። የባንኩ ሠራተኛ ካዝና ከፍቶ የእናንተን ብር ቆጥሮ አይሰጠውም። ኮምፒውተሩ ላይ ሁለት ነገር ይጻፋል፦ ነጋዴው 2 ሚሊዮን ብር አለበት፣ በነጋዴው ሂሳብ ደግሞ 2 ሚሊዮን ብር ገብቷል። በቃ። ትናንት ያልነበረ ገንዘብ ዛሬ ተፈጠረ። ነጋዴው ብረት ገዝቶ ሻጩ ሌላ ባንክ ጋር ሂሳብ ካለው፣ የመጀመሪያው ባንክ ብሔራዊ ባንክ ካለው ሂሳቡ ላይ ለሁለተኛው መክፈል አለበት፤ ጣጣው የሚመጣው ያኔ ነው። ብድሩ ሲመለስ ደግሞ ያ የተፈጠረው ገንዘብ ይጠፋል። የእንግሊዝ ማዕከላዊ ባንክ በፈረንጆቹ 2014 ይህንኑ በግልጽ ጽፎታል፤ የኔ ፈጠራ አይደለም።

«ታዲያ ባንኮች እንዳሻቸው ያትማሉ ማለት ነው?» የሚል አይጠፋም። አያትሙም። ካፒታላቸው (ባለቤቶቹ ያዋጡት ገንዘብ)፣ እጃቸው ላይ ያለው ጥሬ ገንዘብና ተቆጣጣሪው ይይዟቸዋል። ነሐሴ 2015 ላይ ብሔራዊ ባንክ የባንኮች ብድር በዓመት ከ14 በመቶ በላይ እንዳያድግ የከለከለው ለዚህ ነው። ብድር ሲበዛ ገንዘብ ይበዛል፣ ዕቃው ካልበዛ ዋጋ ይንራል። ብድር የተከለከለው ሰው ግን «ባንኩ ብር አልቆበታል» ብሎ ነው ወደ ቤቱ የሄደው። መንግሥት በጀት ሲጎድለው ለዓመታት በቀጥታ ከብሔራዊ ባንክ ሲበደር የኖረውም ያው ገንዘብ መፍጠር ነው፤ በትልቁ ሲሆን ብቻ።

አሁን ወደ ኪሳችን እንምጣ። ጥቅምት 2010 ላይ ባንኮች ለቁጠባ የሚከፍሉት ዝቅተኛው ወለድ 7 በመቶ ሆነ። በ2014 የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ነበር። 100 ሺህ ብር ያስቀመጠ ሰው ዓመቱ ሲያልቅ 107 ሺህ አገኘ። በ100 ሺህ ይገዛ የነበረው ዕቃ ግን 130 ሺህ ገብቷል። 23 ሺህ ብር የት ገባ? ሜዳ ላይ አልቀረም። በዚያው ዓመት ተበድሮ ሕንፃ የጀመረ ሰው ዕዳው በዋጋ ንረት ቀለለለት፤ የቀለለለት በቆጣቢው ኪሳራ ነው። በ1997ም በ2005ም ለኮንዶሚኒየም ተመዝግቦ በየወሩ ሲቆጥብ የኖረ ሰው ይህን ያለ ኢኮኖሚክስ ትምህርት ያውቀዋል። ቤቱ ከቁጠባው ቀድሞ ሮጠ። እኛ ግን ዛሬም የሚነገረን «ቆጥቡ፣ ተሸለሙ» ነው። መኪና በዕጣ ይወጣል፣ ስለ ወለዱ ትንፍሽ የሚል የለም። ለኔ ይህ ማስታወቂያ እንጂ የፋይናንስ ትምህርት አይደለም።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ብዙም ሳይቆይ ከ100 ብር አለፈ። ታክሲ ውስጥም ለቅሶ ቤትም ወሬው ዶላር ሆነ። በዚያው ወር ብሔራዊ ባንክ የፖሊሲ ወለድ ብሎ፣ ማለትም እሱና ባንኮች ሲበዳደሩ መነሻ የሚሆን ወለድ፣ 15 በመቶ አውጇል። ስለ እሱ ሲያወራ የሰማሁት ሰው የለም፤ የብድራችንን ዋጋ የሚነካው ግን እሱ ነው።

አክሲዮኑም እንዲሁ ነው። ኢትዮ ቴሌኮም ጥቅምት 2017 ላይ 10 በመቶ ድርሻውን ለሽያጭ ሲያቀርብ አንዱ አክሲዮን 300 ብር፣ ትንሹ ግዢ 33 አክሲዮን ነበር። የሰማሁት ክርክር ሁሉ 300 ብር ውድ ነው ርካሽ ነው የሚል ነው። ከምን አንጻር? ለሽያጭ የቀረበው 100 ሚሊዮን አክሲዮን በ300 ሲባዛ 30 ቢሊዮን ብር ነው። እሱ 10 በመቶው ከሆነ ድርጅቱ በጠቅላላው 300 ቢሊዮን ብር ተገምቷል ማለት ነው። መጠየቅ የነበረበት በዓመት ስንት ያተርፋል፣ ከትርፉስ ስንቱን ያከፋፍላል የሚለው ነው። በመጨረሻ የተሸጠው 10.7 ሚሊዮን አክሲዮን ገደማ ነው። ገዢው አስልቶ ይሁን ፈርቶ እንጃ።

አክሲዮን የሚሸጥበትና የሚገዛበት የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ ከጥር 2017 ጀምሮ ተከፍቷል፤ ወጋገን ባንክ የመጀመሪያው ተመዝጋቢ ነው። እስከዚያ የባንክ አክሲዮን መሸጥ የፈለገ ሰው ገዢውን ራሱ ነበር የሚያፈላልገው፤ ወረቀቱ መሳቢያ ውስጥ ተቀምጦ በዓመት አንዴ ትርፍ ድርሻ ያመጣል። አሁን ዋጋው ይወጣል፣ ይወርዳልም። መውረዱን ማንም በማስታወቂያ አይነግራችሁም። ባንኮች በየዓመቱ ጋዜጣ ላይ ሙሉ ገጽ ይዘው የሚያወጡትን የሒሳብ ሪፖርት አትዝለሉት። ከትርፉ በፊት ያልተመለሰው ብድር ስንት እንደሆነ ፈልጉ። ካጣችሁት ቅርንጫፉ ሄዳችሁ ጠይቁ፤ ሥራ አስኪያጁ ቢገረምም ይገረም።