መግለጫዋን መልሱልን!

አሁንስ በዛ! ሙዚየም ውስጥ አንድ የሸክላ ማሰሮ ፊት ቆሜያለሁ። ማን ሠራው? መቼ? ከየት ተገኘ? አጠገቡ የነበረችው መግለጫ ተነስታ በቦታዋ ኪውአር ኮድ ተለጥፏል። ስካን ሳደርገው «መጀመሪያ መተግበሪያውን ያውርዱ» ይለኛል። በዚያ ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ ውስጥ ኔትወርክ ከየት ይምጣ? ዋይፋዩስ የታለ? እንደምንም አወረድኩት። ቀጥሎ ኢሜይል አስገባ፣ የይለፍ ቃል ፍጠር፣ የልደት ቀንህን ሙላ። የማሰሮ ዕድሜ ለማወቅ የእኔ ዕድሜ ምን ያደርጋል?

በስንት መከራ ተከፈተ። ያገኘሁት የዚያው ፊቴ ያለው ማሰሮ ፎቶና ሁለት መስመር ጽሑፍ! ሁለት መስመር! ይህቺን ወረቀት ላይ መጻፍ ምን ይከብዳል?

ቴክኖሎጂ ጠልቼ አይደለም። የአምስተርዳሙ ስቴደሊክ ሙዚየም እ.ኤ.አ. በ1952 ለጎብኚዎቹ በሬዲዮ መቀበያና በጆሮ ማዳመጫ ማብራሪያ ያሰማ ነበር። ጆሮ ይሰማል፣ ዓይን ሥዕሉ ላይ ነው። እንዲህ ነው እንጂ! ስልክም ማየት ለተሳነው በድምፅ ይተርክ፣ ቋንቋውን ለማያውቅ ያስተርጉም፣ የተሰበረው ዕቃ ሙሉ ሳለ ምን ይመስል እንደነበር ያሳይ። ለዚህማ ማን ይጠላዋል? ግን አዳራሹን ሙሉ አንገቱን ደፍቶ ስክሪን የሚነካካ ሰው ማድረግ ምን የሚሉት ጉብኝት ነው? ባትሪው የዘጋበትስ? ስማርት ስልክ የሌላቸው አዛውንትስ ምን ይሁኑ? እነሱም እኮ ትኬት ቆርጠው ነው የገቡት!