ኩሬው ሲበከል፦ ባክቴሪያ ይጨመር ወይስ መኖ ይቀነስ?

የክርክሩ መነሻ 200 ካሬ ሜትር ስፋትና 1 ሜትር ጥልቀት ያለው የቆሮሶ (ቲላፒያ ዓሣ) ኩሬ ነው። 400 ዓሣ ይዟል፣ እያንዳንዱ 150 ግራም ይመዝናል። ውሃው አረንጓዴ ሆኗል፤ ታቹ ጥቁር ጭቃ ነው፣ ሲነካ የተበላሸ እንቁላል ይሸታል።

ደጋፊ፦ ሽታው ትራፊ መኖና ኩስ አየር በሌለው ጭቃ ውስጥ ሲበሰብስ የሚወጣ ነው። ባሲለስ የሚባሉት ባክቴሪያዎች ይህን ዝቃጭ ይበላሉ። በሚሸጡበት ደረቅ ዱቄት ውስጥ ግን የተኙ ስለሆኑ መቀስቀስ ያስፈልጋል። 20 ሊትር ውሃ በባልዲ ይቀዳል፤ የቧንቧ ከሆነ ክሎሪኑ እንዲተን ክፍቱን ያድራል። ግማሽ ኪሎ ሞላሰስ ይበጠበጥበታል፣ ዱቄቱ በማሸጊያው በተጻፈው መጠን ይገባል፣ ከዚያ በአየር ፓምፕ 24 ሰዓት ይናፈሳል። የተሳካለት እንደ ጠላ ጥንስስ ለስለስ ያለ ኮምጣጣ ጠረን አለው፤ ከገማ ይደፋል። የሚረጨው ከጠዋቱ 4 ሰዓት ገደማ፣ ፀሐይ ወጥታ ኦክስጅን ሲጨምር ነው። ማታ አይሞከርም።

ተቃዋሚ፦ የእርስዎ ጥንስስ ኩሬው ውስጥ ገብቶ ኦክስጅኑን ይጠጣዋል። ሒሳቡን እንሥራው። 60 ኪሎ ዓሣ በቀን የክብደቱን 3 በመቶ ቢበላ 1.8 ኪሎ መኖ ነው። የመኖው ፕሮቲን 30 በመቶ ከሆነ 86 ግራም ያህል ናይትሮጅን አለበት። ዓሣው ሥጋ የሚያደርገው ሩቡን ያህል ነው፤ 65 ግራም ገደማ ውሃው ውስጥ ይቀራል፣ አብዛኛው ዓሣን በሚመርዘው በአሞኒያ መልክ። አሞኒያን ጉዳቱ ወደሚያንስ ናይትሬት የሚቀይሩት እነ ናይትሮሶሞናስና ናይትሮስፒራ የሚባሉ ባክቴሪያዎች ናቸው እንጂ ባሲለስ አይደለም። እነሱ ደግሞ እንደ ባሲለስ ስፖር (ድርቀት የሚችል የተኛ መልክ) ስለማይሠሩ ደርቀው ለወራት መቆየት ይከብዳቸዋል። «ሁሉንም ይዟል» የሚል ደረቅ ዱቄት ካዩ ይጠርጥሩ። ቢኖሩም 1 ግራም ናይትሮጅን ለመቀየር 4.57 ግራም ኦክስጅንና 7 ግራም ያህል አልካሊኒቲ (ውሃው አሲድ እንዳይሆን የሚከላከል ይዘት) ይፈልጋሉ። ለ65 ግራሙ በቀን ወደ 300 ግራም ኦክስጅን መሆኑ ነው።

ደጋፊ፦ ለዚህ እኮ ነው ኩሬውም የአየር ማሽን ያስፈልገዋል የምለው። ደግሞም ባሲለስ አሞኒያውን ባይቀይረውም ስኳር ካገኘ ወደ ሰውነቱ ያስገባዋል፤ ለ1 ግራም ናይትሮጅን 20 ግራም ስኳር ይበቃል።

ተቃዋሚ፦ ይበቃል? ለ65 ግራም 1.3 ኪሎ ስኳር ነው፤ ግማሹ ስኳር በሆነ ሞላሰስ ሲሰላ 2.6 ኪሎ፣ ያውም በየቀኑ። ከመኖው በላይ! የአየር ማሽን በሌለበት ኩሬ ይህን ቢደፉ ንጋት ላይ ዓሣው ሁሉ ውሃው ገጽ ላይ አፉን ከፍቶ ያገኙታል። የዓሣ ኩሬ ውሃ ተመራማሪው እነ ክላውድ ቦይድም በ1998 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት የካትፊሽ (የአምባዛ ዓይነት ዓሣ) ኩሬ ሙከራ ባክቴሪያ መጨመሩ በውሃው ጥራት ላይ ይህ ነው የሚባል ለውጥ አላመጣም።

ደጋፊ፦ እስከ መጨረሻው ያንብቡታ! ባክቴሪያ የገባባቸው ኩሬዎች ውስጥ ብዙ ዓሣ ተርፏል፣ ምርቱም በልጧል።

ተቃዋሚ፦ ተርፏል፤ ለምን እንደተረፈ ግን ከውሃው ልኬት አይታወቅም። እኔ ብሆን መኖውን ለ2 ቀን አቁሜ የውሃውን ሩብ ከታች በኩል አስወጣለሁ። አደራ፣ አሞኒያ ባለበት የተቃጠለ ኖራ እንዳይገባ፤ ፒኤቹን (የአሲድነት መለኪያውን) ከፍ ያደርገዋል። በ25 ዲግሪ፣ ፒኤች 8 ላይ መርዛማው አሞኒያ ከጠቅላላው 5 በመቶ ያህል ነው፤ 9 ሲደርስ 36 ይሆናል።

ደጋፊ፦ በበጋ ሩቡን የሚተካ ውሃ ከየት ይመጣል?

ተቃዋሚ፦ ውሃ ከሌለ የዓሣው ቁጥር ይቀነሳል፤ 400ው ለ200 ካሬ የገባው ያለ ማሽን ነው። የሚወጣውን ውሃ ደግሞ ጎመን ላይ ይልቀቁት፤ የከሰሩበት ናይትሮጅን እዚያ ማዳበሪያ ነው።