ዕዳው የአከራዩ፣ የተዘጋው በር የተከራዩ

አሜሪካ ውስጥ ኮንዶ ተከራይቶ የሚኖር ሰው በየወሩ የሚከፍለው ኪራይ ነው። «አሶሴሽን» የሚባለው የቤት ባለቤቶች ማኅበር የሚሰበስበው ወርኃዊ መዋጮ ደግሞ የአከራዩ ጉዳይ ነው። ተከራዩ መጠኑን እንኳ ላያውቅ ይችላል። አከራዩ መዋጮውን ሳይከፍል ሲቀር ግን መዋኛውና ጂሙ የሚዘጋው ተከራዩ ላይ ነው። እኔ ይህ አሠራር ፍትሕ የጎደለው ብቻ ሳይሆን ገንዘቡንም የማያስገኝ ነው እላለሁ።

ብዙ ጊዜ ነገሩ የሚታወቀው በር ላይ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ልጆቹ ፎጣቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው ይጠብቃሉ። አባት ካርዱን ያስጠጋል። ቀይ መብራት። ካርዱን ገልብጦ እንደገና ይሞክራል። አሁንም ቀይ። ከኋላ የመጣ ጎረቤት በራሱ ካርድ ይከፍትና «ኑ ግቡ እንጂ» ይላል። ሰኞ ማኔጅመንት ቢሮው ሲከፈት የሚሰጠው መልስ አጭር ነው፦ ቤቱ ውዝፍ አለበት። ስንት ነው? ከመቼ ጀምሮ? እሱን ለባለቤቱ እንጂ ለአንተ አንናገርም ይሉታል።

ሕጉ እንደየስቴቱ ይለያያል። ፍሎሪዳን ልውሰድ፤ ጉዳዩን ዘርዘር አድርጎ የጻፈ ስቴት ነው። በኮንዶሚኒየም ሕጉ፣ ማለትም በምዕራፍ 718 መሠረት፣ ባለቤቱ ከ90 ቀን በላይ ውዝፍ ካለበት ማኅበሩ የጋራ መገልገያዎችን ማገድ ይችላል። እገዳው ባለቤቱ ላይ ብቻ አይቆምም፤ ቤቱ ውስጥ የሚኖረውንና እንግዳውንም ይጨምራል። ውሳኔው በአግባቡ በተጠራ የቦርድ ስብሰባ መጽደቅ አለበት። ከጸደቀ በኋላም ለባለቤቱ ብቻ ሳይሆን ለነዋሪውም መነገር አለበት። ወደ ቤቱ የሚወስደው መንገድ፣ ሊፍት፣ ፓርኪንግ፣ ውኃና መብራት ግን አይነኩም። ቨርጂኒያ ውስጥ ደግሞ የማኅበሩ መተዳደሪያ ከፈቀደ ከ60 ቀን ያለፈ ውዝፍ ለእገዳ ይበቃል። እዚያም ቢሆን ሰው ወደ ቤቱ እንዳይገባ ማድረግ ወይም ጤናውንና ደኅንነቱን አደጋ ላይ መጣል አይቻልም።

የሚገርመው ያው የፍሎሪዳ ሕግ ሌላ አንቀጽ ላይ የሚለው ነው። ቤቱ ሲከራይ የጋራ ቦታዎችን የመጠቀም መብት ወደ ተከራዩ ይዞራል። ተከራዩ መብቱን በጽሑፍ ካልተወ በቀር አከራዩ በእንግድነት ካልሆነ አይጠቀምም። እስቲ ሁለቱን አንቀጾች አንድ ላይ አንብቧቸው። አከራዩ መዋኛውን አስረክቦ ሄዷል። ኪራዩን ግን በየወሩ ይቀበላል። ማኅበሩ የሚያግደው እንግዲህ አከራዩ እጅ ላይ የሌለውን ነገር ነው። ሌላ ከተማ ለሚኖር ሰው የዚህ ግቢ ጂም ቢዘጋ ምኑ ነው? አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሏል ይኼ ነው።

ማኅበሩ ክፉ ነው እያልኩ አይደለም። አንድ ባለቤት ካልከፈለ ኢንሹራንሱም፣ ጣሪያው ጥገናም፣ የጽዳት ሠራተኛው ደመወዝም በሚከፍሉት ጎረቤቶች ላይ ይወድቃል። በተለይ ፍሎሪዳ ውስጥ ጫናው ከብዷል። ጁን 24 ቀን 2021 ሰርፍሳይድ ላይ ሻምፕሌን ታወርስ ሳውዝ የተባለው ሕንፃ ተደርምሶ 98 ሰው ሞተ። በቀጣዩ ዓመት የወጣው ሕግ ባለ3 ፎቅና ከዚያ በላይ የሆኑ የቆዩ ኮንዶዎች በባለሙያ እንዲመረመሩ፣ ለትልልቅ ጥገናዎችም ገንዘብ እንዲጠራቀም አስገደደ። ይህ ሁሉ ከመዋጮ ነው የሚመጣው። መዋጮ ሲጨምር የሚያቅተው ባለቤትም ይበዛል። ስለዚህ ቦርዱ ዝም ብሎ ይጠብቅ አልልም። ይያዝ፣ ግን ትክክለኛው ሰው ይያዝ።

መያዣው ደግሞ ሕጉ ውስጥ አለ። በፍሎሪዳ ሕግ ባለቤቱ ውዝፍ ካለበት ማኅበሩ ለተከራዩ በጽሑፍ ጥያቄ አቅርቦ «ከአሁን በኋላ ኪራዩን ለእኛ ክፈል» ማለት ይችላል። ውዝፉ እስኪያልቅ ወይም ተከራዩ እስኪለቅ ድረስ ኪራዩ ወደ ማኅበሩ ይገባል። ለምሳሌ ኪራዩ 2,000 ዶላር፣ መዋጮው 450 ዶላር ነው እንበል። የ4 ወር ውዝፍ 1,800 ዶላር ነው። የአንድ ወር ኪራይ ዋናውን ዕዳ ይሸፍነዋል። ማኅበሩ በተኛ ቁጥር ግን ወለዱ፣ የመዘግየት ቅጣቱ፣ የጠበቃው ክፍያ ይቆለላል። የሚገባው ገንዘብም መጀመሪያ እነዚህን ከፍሎ ነው ወደ ዋናው መዋጮ የሚደርሰው። ስድስት ወር መዋኛ ዘግቶ ከመቀመጥ ሁለት ወር ኪራይ መሰብሰብ አይሻልም?

ተከራዩም ቢሆን በዚህ መንገድ ይጠበቃል። ለማኅበሩ በወቅቱ የከፈለውን ኪራይ አከራዩ «ለእኔ አልከፈልክም» ብሎ ሊከሰው አይችልም። ደብዳቤው ሳይደርሰው አስቀድሞ ለአከራዩ የከፈለው ካለም በ14 ቀን ውስጥ ማስረጃ ካቀረበ ይታሰብለታል። ደብዳቤውን ቸል ካለው ግን ጉድ ነው፤ ማኅበሩ ልክ እንደ አከራይ ሆኖ ሊያስለቅቀው ይችላል። «ኪራይህን ወደ ሌላ አካውንት አስገባ» የሚል ወረቀት ሲመጣ አጭበርባሪ ነው ብሎ መጠርጠር ያለ ነው። መጠርጠሩ ጥሩ ነው። ወረቀቱን ቅርጫት ውስጥ መወርወሩ ነው መጥፎው። ማኔጅመንት ቢሮው ድረስ በአካል ሄዶ ማረጋገጥ፣ ለአከራዩም ኮፒውን መላክ ያስፈልጋል።

አንድ የሚያናድድ ነገር ግን እዚህም አለ። ተከራዩ የአከራዩን ዕዳ ከኪራዩ እየከፈለ እንኳ እንደ ባለቤት ድምፅ የመስጠትም ሆነ የማኅበሩን መዝገብ የማየት መብት አያገኝም። ድምፁ ይቅር፤ ቤቱ የእሱ አይደለም። እሱ በከፈለው ገንዘብ ውዝፉ ምን ያህል እንደቀነሰ ማወቅ ግን ሊነፈገው አይገባም ነበር።

ከሁሉ የሚሻለው ደግሞ ችግሩን ተከራዩ ሳይገባ መያዝ ነው። ብዙ ማኅበራት ተከራይ ከመግባቱ በፊት ሊዙን፣ ማለትም የኪራይ ውሉን፣ አይተው ያጸድቃሉ። ይህ ሥልጣን ያለው የፍሎሪዳ ማኅበር ባለቤቱ ውዝፍ ካለበት «መጀመሪያ ዕዳህን ክፈል» ብሎ ሊዙን መከልከል ይችላል። ማኅበሩ ያኔ አጽድቆ፣ የማመልከቻ ክፍያ ተቀብሎ፣ ካርድ ሰጥቶ ሲያበቃ በሦስተኛው ወር ካርዱን ሲያጠፋው ምን ይባላል? ውዝፉ ሊዙ ሲጸድቅም የነበረ ከሆነ ጥፋቱ የአከራዩ ብቻ አይደለም።

እስከዚያው ተከራዩ ራሱን የሚጠብቅበት መንገድ ጠባብ ነው፤ ግን አለ። ሊዙ ሲፈረም መዋኛው፣ ጂሙ፣ ፓርኪንጉ በስም ይጻፉ። የአከራዩን ወቅታዊ የሒሳብ መግለጫ ከማኅበሩ አስወጥቶ እንዲያሳይ መጠየቅ ነውር የለውም። እሱ የእናንተን ክሬዲት፣ ማለትም የብድር አከፋፈል ታሪካችሁን፣ አይቶ የለ? ሊዙ ላይ መገልገያዎቹን የመጠቀም መብትን የሚያስቀር ዓረፍተ ነገር ካለ ሳይፈረም ይሰረዝ። በሩ ከተዘጋ ደግሞ ለአከራዩ በጽሑፍ ማሳወቅና ከኪራዩ ላይ ቅናሽ መጠየቅ ተገቢ ነው። «መዋኛ ስለሌለ አልከፍልም» ብሎ በራስ ውሳኔ ኪራይ ማቆም ግን አደገኛ ነው። ፍሎሪዳ ውስጥ በማስለቀቅ ክስ ራሱን የሚከላከል ተከራይ እንደ ደንቡ ኪራዩን ፍርድ ቤት ማስያዝ አለበት፤ ካላስያዘ ክርክሩ ሳይሰማ ሊሸነፍ ይችላል።

ለሕግ አውጪዎች የምለው ሁለት ነገር ነው። ማኅበሩ መጀመሪያ ኪራዩን ለመሰብሰብ ይሞክር፤ ያ ሳይሳካ የተከራይን ካርድ እንዳያጠፋ ይደረግ። ማጥፋቱ ግድ ከሆነም ማስታወቂያው እገዳው ከመጽደቁ በፊት፣ ቢያንስ 30 ቀን ቀድሞ፣ በተከራዩ ስም የተከራዩ ደጃፍ ይድረስ።