ኧረ ደወሉን ደውሉ!

ዝም ማለት አልቻልኩም። ዲሲና አካባቢው ብስክሌት የሚነዳው ሰው ጠባይ እየተበላሸ ነው። በተለይ ቅዳሜና እሁድ በግራቭል (ለጠጠር መንገድ በተሠራ) ብስክሌት ካናሉ ዳር የሚበረው። ድምፅ ሳያሰማ ከኋላ ይመጣል፣ የሰው ትከሻ ታክኮ ያልፋል፣ አቧራውን አልብሶ ይፈተለካል። ደወል የለ፣ ፍሬን የለ፣ ይቅርታ የለ። እኔም ብስክሌተኛ ነኝ። በደንብ የሚያናድደኝም ለዚህ ነው።

የማወራው ስለ ሲ ኤንድ ኦ ካናል፣ በሰው እጅ ስለተቆፈረው አሮጌ የጀልባ ቦይና ዳሩን ስለሚሄደው መንገድ ነው። ከጆርጅታውን ተነስቶ፣ የፖቶማክን ወንዝ እየተከተለ፣ ሜሪላንድን ይዞ እስከ ከምበርላንድ የሚዘልቀው 184.5 ማይል መንገድ። ሲልቨር ስፕሪንግም ሆነ አሌክሳንድሪያ ለሚኖር ሐበሻ ከቤቱ ብዙ አይርቅም። ስንቶቻችን እንግዳ ሲመጣብን ግሬት ፎልስ ወስደን ፏፏቴውን አሳይተናል? ከፏፏቴው ጎን ያለው ያ የአፈር መንገድ ነው።

መንገዱ ለምን እንደተሠራ የማያውቅ ሰው ብዙ ስለሆነ ትንሽ ልበል። የቦዩ ሥራ በፈረንጆች 1828 ተጀመረ። ከምበርላንድ የደረሰው በ1850 ነው። ከተራራው የድንጋይ ከሰል ጭኖ ወደ ከተማ ለማውረድ ነበር። ጀልባዎቹ ሞተር የላቸውም፤ በቅሎዎች ዳር ዳሩን እየሄዱ በረጅም ገመድ ይጎትቷቸዋል። አንድ ጀልባ ከ100 ቶን በላይ ከሰል ይጭን ነበር። ከበቅሎዎቹ ጋር የሚሄደው ነጂ ብዙ ጊዜ ልጅ ነው፣ የጀልባው ካፒቴን ልጅ። ዛሬ ቶውፓዝ እያልን ጎማ የምናሽከረክርበት መንገድ የእነዚያ በቅሎዎችና የእነዚያ ልጆች መሄጃ ነው። በእርምጃ ልክ ነው የተሠራው።

ስለዚህ ጠባብ ነው። በአንድ በኩል የቦዩ ውሃ አለ። በሌላው በኩል ወደ ፖቶማክ የሚወርድ ቁልቁለት፣ አንዳንድ ቦታም ገደል። መሃሉ ጠጠርና አፈር፣ የዛፍ ሥር ያፈጠጠበት፣ ከዝናብ በኋላ ደግሞ ውሃ ያቆረ ጉድጓድ። ጉድጓዱን ለመሸሽ ሁሉም ወደ አንድ ጠርዝ ይጠጋል። እግረኛውም፣ ሯጩም፣ የሕፃን ጋሪ የምትገፋውም፣ ብስክሌተኛውም። ሰው ቢደነግጥ የሚሸሽበት ቦታ የለውም። ወይ ውሃው ነው ወይ ቁልቁለቱ።

ድሮ ይህን ያህል አያስፈራም ነበር። ቀጭን ጎማ ያለው የአስፋልት ብስክሌት እዚያ ጠጠር ላይ ይንገጫገጫል። ነጂው ወዶ ሳይሆን ተገዶ ይቀዘቅዛል። ማውንቴን ባይኩ ደግሞ ከባድ ነው፣ ብዙም አይሮጥም። ግራቭሉ ግን የሁለቱን ጥቅም ይዞ መጣ። ጎማው ሰፊ፣ አካሉ ቀላል፣ መሪው እንደ ውድድር ብስክሌት የታጠፈ። ጠጠሩ ላይ እንደ አስፋልት ይሄዳል። እውነቱን ለመናገር ለዚህ መንገድ ከግራቭል የተሻለ ብስክሌት የለም፤ እኔም የምነዳው እሱን ነው። ግን ብስክሌቱ መሮጥ ስለቻለ መንገዱ አልሰፋም። የፍጥነቱ ገደብ በሰዓት 15 ማይል ነው። ለእግረኛና ለፈረስ ቅድሚያ ስጥ፣ ስትቀርብ አስታውቅ፣ በአንድ መስመር ንዳ የሚል ደንብ አለ። አዲስ ነገር አይደለም፣ የተደበቀም አይደለም።

እናቴ ከአዲስ አበባ ልትጠይቀን መጥታ፣ አንድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ወደዚያው ይዣት ሄድኩ። ነጠላዋን እንደለበሰች ቀስ እያልን እንራመዳለን። የቦዩን ኤሊዎች አይታ፣ ግንድ ላይ ተደርድረው ፀሐይ ሲሞቁ፣ ደስ ብሏት እያሳየችኝ ነበር። ድንገት አንዱ ከኋላ መጥቶ የነጠላዋን ጫፍ ታክኮ በረረ። "በስመ አብ!" ብላ ወደ ውሃው በኩል ዘለለች። ክንዷን ባልይዘው ትገባ ነበር። ጉልበቷን የሚያማት፣ ዋና የማትችል ሴት! ሰውዬው ዞር እንኳ አላለም። እጁን ከፍ አድርጎ አውለበለበ፣ አለቀ። ሰላምታ ይሁን ይቅርታ እግዜር ይወቀው። እሷ ከዚያ በኋላ "ብስክሌት ያለበት ቦታ ይቅርብኝ" ብላ እምቢ አለች። የሞል ወንበር ላይ ቁጭ ብላ ሰው ስታይ እየዋለች ወደ አገሯ ተመለሰች። ይህ እስካሁን ያንገበግበኛል።

ይህን ለብስክሌተኛ ስትነግረው መልሱ ዝግጁ ነው። "እግረኞቹ እኮ ጆሯቸው ላይ ማዳመጫ ሰክተው፣ አራት ሆነው መንገዱን ዘግተው ነው የሚሄዱት።" እውነት ነው፣ አይቻለሁ። ውሻቸውን በረጅም ገመድ ለቀው መንገዱን ከዳር እስከ ዳር የሚያጥሩም አሉ። ይስተካከሉ፣ እስማማለሁ። ግን እግረኛ እግረኛን ቢገጨው "ይቅርታ" ተባብለው ይለያያሉ። ብስክሌት አንዲት አሮጊት ቢገጭ ዳሌ ይሰበራል። እኩል ጥፋት አይደለም።

ሌላው ደግሞ "ጮኬ ተናግሬያለሁ" ይላል። የት ሆነህ? ትከሻው ላይ ደርሰህ! እዚያ ደርሶ መጮህ ማስደንገጥ ነው እንጂ ማስጠንቀቅ አይባልም። የደነገጠ ሰው ደግሞ ወዴት እንደሚዘል አይታወቅም፣ አንዳንዴ ፊትህ ላይ ነው የሚገባው። ደወል ከሩቅ ነው የሚመታው። ሰውዬው ሰምቶ፣ ዞሮ አይቶ፣ ልጁን ወደ ራሱ ስቦ እስኪቆም ጊዜ ይኑረው። እንግሊዝኛ የማይሰሙ እናቶቻችንም ደወል ያውቃሉ። ዋጋውም ከአንድ ምሳ አይበልጥም። ሺዎች ዶላር የወጣበት ብስክሌት ላይ ደወል ይከብዳል ብሎ የሚፈታ ሰው አለ። ስንት ግራም ነው?

"ልምምድ ላይ ነኝ፣ ሰዓቴ ይበላሻል" የሚለውስ? ከጎኑ የማካርተር ቡሌቫርድ አስፋልት አለልህ፣ ፈጣን ነጂዎች ሁሉ የሚወጡበት። የልጅ ሦስት እግር ብስክሌት በሚርመሰመስበት መንገድ ላይ ለምን ሰዓት ትይዛለህ? ቦዩና መንገዱ ተራራ ሰንጥቀው በሚያልፉበት በፓው ፓው ዋሻ ውስጥ እንኳ የሚነዳ ሰው አይቻለሁ። 3,118 ጫማ ርዝመት ያለው ጨለማ ነው። መሄጃው ጠባብ፣ ወለሉ ያልተስተካከለ። ወርዶ ብስክሌቱን እየገፋ መሄድ ነው ያለበት። እሱ መብራቱን ዓይናችን ላይ አብርቶ "መንገድ ልቀቁ" ይላል።

የሚገርመው ይህን መንገድ ያተረፉት እግረኞች መሆናቸው ነው። ቦዩ በ1924 ጎርፍ ከመታው በኋላ ሥራውን አቆመ። በ1938 መንግሥት ገዛው። ቆይቶ ቦዩን ተከትሎ የመኪና መንገድ ይሠራበት የሚል እቅድ መጣ፣ ዋሽንግተን ፖስትም በርዕሰ አንቀጹ ደገፈው። ያኔ ዊልያም ዳግላስ የሚባሉ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ ተነሱ። የጋዜጣውን አዘጋጆች "መጀመሪያ አብረን በእግር እንሂድበትና ከዚያ ጻፉ" አሏቸው። በመጋቢት 1954 ብዙ ሆነው ከከምበርላንድ ወጡ፣ መንገዱን በሙሉ በእግራቸው የጨረሱት 9 ሰዎች ናቸው። ጋዜጣው አቋሙን ለወጠ፣ የመኪናው መንገድም ቀረ። በ1971 ቦታው ብሔራዊ ታሪካዊ ፓርክ ሆነ። እኛ ዛሬ ጎማችንን ነፍተን የምንሄድበት እነዚያ ሰዎች እግራቸው ውኃ እስኪቋጥር ስለተራመዱበት ነው። እግረኛውን እንደ እንቅፋት ስታየው የማን መንገድ ላይ ያለህ መሰለህ?

እንግዲህ የምለምነው ይህን ነው። የሐበሻ ብስክሌተኞችም በዝተናል፣ ደስ ይላል፣ በቡድን ስንወጣ ከራሳችን እንጀምር። ከጆርጅታውን እስከ ግሬት ፎልስ ባለው ቦታ፣ ቅዳሜና እሁድ፣ ቀስ በሉ። ሰው ሳትደርሱበት ደውሉ፣ ካልሰማ ድገሙ፣ ካልሰማ ቁሙ። መብረር ካማራችሁ ጠዋት በማለዳ ውጡ፣ ወይም ከግሬት ፎልስ በላይ ካለው ከሴኔካ ወዲያ እለፉ፣ እዚያ ሰዉ ይሳሳል። እዚያም ቢሆን ሰው ካያችሁ ደውሉ።